መለወጫው ተገዛ፤ የሚለወጠውስ?

አንድ ክፉ ልማድ አለን። ዕቃውን እንወዳለን፤ ዕቃው የሚይዘውን ነገር ግን እንረሳለን። ብርጭቆው ቡፌ ውስጥ ተደርድሮ ይቆለፍበታል፤ ውኃው በፕላስቲክ ኩባያ ይጠጣል። የመጻሕፍት መደርደሪያ በውድ እንጨት እናሠራለን፤ ላዩ ላይ የሴራሚክ ዝሆኖች እናሰልፍበታለን። ይኸው ልማድ አሁን ጆሯችን ድረስ መጥቷል።

እኔ የምኖርበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ንፋስ… ስልክ። ያለ ሽቦ፣ በነፋስ የሚመጣ ድምፅ። ለቡ ስትደርሱ ደግሞ ታክሲው «ሙዚቃ ሰፈር» እያለ ይጣራል። ታዲያ በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ ደህና ደመወዝ የሚያገኝና ሙዚቃ እወዳለሁ የሚል ሰው ቤት ጎራ ስትሉ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ጥቁር ሣጥን ማየት እየተለመደ ነው። ፊቷ ላይ ሰማያዊ ቁጥር ይበራል። ባለቤቱ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ዳክ ናት፤ ከዱባይ ነው ያስመጣኋት» ይላል። ቡናው ገና አልቀረበም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ኮምፒውተርና ስልክ ሙዚቃን የሚያስቀምጡት በቁጥር ነው፤ የ0 እና የ1 ሰልፍ። ጆሯችን ግን ቁጥር አይሰማም፤ የሚሰማው የአየር ንዝረት ነው። ስለዚህ በመካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ዳክ የሚሏት ሣጥን ያቺ አስተርጓሚ ናት፤ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ መለወጫ። በዩኤስቢ ገመድ ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ ተቀብላ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ትለውጠዋለች፤ አምፕሊፋየሩ ያጎለብተዋል፤ ስፒከሩ አየሩን ይገፋል፤ እኛም «ወይ ጥላሁን!» እንላለን። ስልካችሁም ላፕቶፓችሁም ውስጥ ትንሽ ዳክ አለች፤ ባትኖርማ ድምፅ አይወጣም ነበር። ከሱቅ የምትገዛዋ የዚያችው ታላቅ እህት ናት።

ብዙ ዘመኔን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ የሚታየኝ በትርጉም መልክ ነው። ጎበዝ ተርጓሚ ያለውን በሚገባ ያሻግራል። ነገር ግን ከመጽሐፉ ሃምሳ ገጽ ተቀዶ ከጠፋ፣ የዓለምን ምርጥ ተርጓሚ ብትቀጥሩ የጠፋውን ገጽ አያመጣላችሁም። አመጣሁ ካለም ከራሱ ፈጥሮ ነው። የዛሬው ጭቅጭቄ በሙሉ ከዚህ አይወጣም፦ መለወጫ ያለውን ይለውጣል እንጂ የሌለውን አይወልድም።

እኛ ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው። ድሮ «መኪናህ ስንት ሲሲ ነው?» ነበር፤ አሁን «ዳክህ ስንት ቢት ናት?» ሆኗል። በቅርቡ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ጠየቅሁ።

«ፋዘር፣ ይቺ ሠላሳ ሁለት ቢት ናት። ያቺኛዋ ሃያ አራት ብቻ ናት» አለኝ ሻጩ።

«እና ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ስምንት ቢት ነዋ!»

ልጁ አልዋሸም። በሒሳብ መልሱ ልክ ነው። ጥያቄው ስምንቱ ቢት ጆሮ ዘንድ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። አንድ ቢት ማለት በግርድፉ 6 ዴሲቤል ነው፤ በጣም በለሆሳስ ከሚሰማው ድምፅ እስከ ከፍተኛው ያለውን ርቀት ያሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ 16 ቢት ነው፤ 96 ዴሲቤል መሆኑ ነው። ደጉ ካሴታችን፣ ያ ስንት ፍቅረኛ ያስታረቀው ካሴት፣ 50 ወይም 60 ቢያገኝ ነው። 24 ቢት በወረቀት ላይ 144 ይላል። የዓለም ምርጥ መለወጫዎች ግን የገዛ ሽቦአቸው ሹክሹክታ ስለሚያግዳቸው ከ120 እስከ 130 አካባቢ ይቆማሉ። እንግዲህ 24ቱ ራሱ ሳይሞላ 32ቱን ማን ሊሰማው ነው? ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከላይ የጎረቤት ልጅ ኳስ እየነጠረ፣ ከታች ሚኒባስ ጥሩንባ እየነፋ?

ሌላው ማባበያ ቁጥር ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ የሚናገረው ነው። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። ይህ እስከ 22,050 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ለመያዝ ይበቃል። ጤነኛ ወጣት የሚሰማው እስከ 20,000 ነው፤ ሃምሳን የተሻገርን ሰዎች ደግሞ 15,000 ከሰማን ዕድለኞች ነን። ሣጥኖቹ ግን 192 ሺህ፣ 384 ሺህ፣ 768 ሺህ እያሉ ይፎክራሉ። ለሌሊት ወፍ የተገዛ ነው እንዳልል የሌሊት ወፍ አምፕሊፋየር የላትም።

እሺ፣ ይህን ሁሉ አቅም የተሸከመችው ሣጥን ምን ትመገባለች? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ኩራት እየተሰማው ፍላሽ ይሰካል። ፍላሹ ላይ በሰፈሩ ኮምፒውተር ቤት በጥቂት ብር የተጫነ ሁለት ሺህ ዘፈን አለ። «ማን ነው የዘፈነው?» ብትሉ «ትራክ ዜሮ አራት» ይላል። የአሥራ አምስት ሺህ ብር ጋን ተገዝቶ የታሸገ ጠላ አምቡላ ሲቀዳበት ማየት ማለት ይኼ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ከሲዲ የሚወጣ ሙዚቃ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ነው። በብዛት የሚዞረው ኤምፒስሪ 128,000 ነው፤ አሥራ አንድ እጅ ያነሰ። ኤምፒስሪ በራሱ ብልህ ሥራ ነው፤ ጆሮ አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ይጥላል፤ ከፍ ባለ መጠን በጥንቃቄ ከተሠራ ከሲዲው መለየት ይከብዳል። የእኛው ግን አንድ ጊዜ አልተጣለለትም። ካሴቱ አንድ ቀን ኮምፒውተር ላይ ተገለበጠ፤ ተጨመቀ፤ ኢንተርኔት ላይ ተጫነ፤ እዚያም እንደገና ተጨመቀ፤ አንዱ አወረደው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተጨመቀ። በየጣቢያው አንድ ነገር ይወርዳል፤ የጸናጽሉ ጥራት፣ የማሲንቆው ፉጨት፣ የዘፋኙ ትንፋሽ። በመጨረሻ አንዱ ጮሌ «320» የሚል ስም ለጥፎ ያከፋፍለዋል። አሮጌ ሸሚዝ ላይ አዲስ የዋጋ ወረቀት መለጠፍ በሉት። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ። የጠፋውን ሠላሳ ሁለት ቢትም አይመልሰው፣ ዱባይም አይመልሰው።

እንዲያውም ጥሩ መለወጫ ጉዱን አጉልቶ ያሳያል። «ከገዛኋት ወዲህ አንዳንዱ ዘፈን ይቆረቁረኛል» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ምን ታድርግ? የተሰጣትን በሐቅ ተረጎመች።

«አንተ ጆሮህ ስላልሠለጠነ ነው» የሚሉኝ አሉ። ጥሩ፣ ክርክሩን በቤታችሁ ፍቱት። ሁለት መለወጫ አምጡ፤ አንዱ የስልካችሁ፣ ሌላው የተከበረው። የድምፁን ከፍታ እኩል አድርጉ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁሌም የተሻለ መስሎ ስለሚሰማ ይህን መዝለል የለም። ከዚያ ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ ከጀርባችሁ ሆነው ሳይነግሯችሁ ይቀያይሩ፤ እናንተ አሥር ጊዜ ገምቱ። አምስቱን ካገኛችሁ ሳንቲም ብትወረውሩም ያው ነው። ዘጠኝና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ፣ ይህ በዕድል የሚሆነው ከመቶ አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እስካሁን ግን ፈተናው ሲነሳ «ቡናው ቀዘቀዘ» የማይል ባለ ሣጥን አላጋጠመኝም።

መለወጫ መግዛት ኃጢአት ነው አላልኩም። ላፕቶፓችሁ የማዳመጫ ቀዳዳው ላይ የሚሽሽ ከሆነ፣ ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ስፒከሩ የሚንጫጫ ከሆነ፣ ወይም ስልካችሁ ቀዳዳው የተደፈነበት ዓይነት ከሆነ ያስፈልጋችኋል። ምን ዓይነት? ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ተሰክታ ወዲያው የምትሠራ፤ ወደ አምፕሊፋየሩ በተለመደው 2 ቮልት የምታወጣ፤ ገመዷ ቢበጠስ እዚሁ የሚገኝ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ከራሳችሁ ላፕቶፕ ጋር ተሰክታ የተሞከረች። ዊንዶውስ 10 እንኳ አዲሱን የዩኤስቢ ድምፅ ደንብ በራሱ ማንበብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ስለሆነ፣ የቆየ ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች ይህን ሙከራ አትዝለሉ። ከዚያ በላይ ያለው ጌጥ ነው። አፕል በ9 ዶላር ለገበያ ያቀረባት የጣት ርዝመት ያላት የማዳመጫ ገመድ በሆዷ ሙሉ መለወጫ ይዛለች፤ ሰው ግን እንደ ተራ ገመድ ስለሚያያት አይኮራባትም።

ዋጋው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ እዚያም አላቆመም። የ100 ዶላር ሣጥን ያኔ 5,700 ብር ነበር፤ ዛሬ ከ13,000 ብር በላይ ነው። ቀረጡንና የነጋዴውን ትርፍ ራሳችሁ ደምሩት። ይህን ያህል ገንዘብ ለድምፅ ያለው ሰው ቅደም ተከተሉን ይወቅ።

መጀመሪያ ክፍሉ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት የሆነ ሳሎን ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሳል። አንድ ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ፣ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ (ዝሆኖቹ ይነሱልኝ!) ከየትኛውም ሣጥን በላይ ለውጥ ያመጣሉ። ሁለተኛ ስፒከሩ። የዛሬ ደህና መለወጫ የሚያዛባው ከመቶ ሺህ አንዱን ቢሆን ነው፤ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ሲያወጣ ከመቶ አንዱን ማዛባቱ ብርቅ አይደለም። የሺህ እጥፍ ልዩነት ነው። ሰው ግን የተሰነጠቀ ስፒከሩን ትቶ ንጹሑን ይለውጣል። ሦስተኛ መብራቱ። ሄዶ ሲመለስ እየዘለለ ስንቱን ዕቃ አቃጥሏል! ደህና ስታቢላይዘር ግዙ፤ ኧርዝ የምንለው የመሬት ሽቦ በእርግጥ መሬት ውስጥ መግባቱን ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ። ብዙ ቤት «ዳኳ ታጉረመርማለች» የሚባለው ያ ሽቦ ስም ብቻ ስለሆነ ነው። አራተኛ ሙዚቃው ራሱ። መለወጫዋ አምስተኛ ናት።

«ገንዘቤ ነው፤ አንተን ምን አገባህ?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል። ለቁጥር ማስተርጎሚያ አሥራ አምስት ሺህ ብር የሚከፍል እጅ ለዘፈኑ መቶ ብር ሲባል ይታጠፋል። ሣጥኗን የሠራው የውጭ ኩባንያ ተከፍሎታል፤ አስመጪው ተከፍሎታል፤ ጉምሩክ ተከፍሎታል። ያልተከፈለው የዘፈነው፣ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው? አዋጁ አለ፤ ልማዳችን ግን ፍላሹ ላይ ቀርቷል። ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ በ2011 ዓ.ም. አውታርን የጀመሩት ይኼው ነገር አንገብግቧቸው ነበር። ኤልያስ በዓመቱ መባቻ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። ሰዋስው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 መጣ። ሰው ዘፈን በሕጋዊ መንገድ ላግኝ ካለ መንገድ ለመክፈት የለፉለት አሉ።

የማከብረው ክርክር አንድ ብቻ ነው፦ «የድሮው ዘፈን ኦሪጅናሉ ከየት ይገኛል?» እውነት ነው፤ ብዙው አይገኝም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዚያን ዘመን ድምፅ በሸክላ አስቀረ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮጲክስ በሚለው ተከታታይ የዚያን ወርቃማ ዘመን ሸክላዎች በሲዲ እያሳተመ እ.ኤ.አ. በ2017 ሠላሳኛውን ቅጽ አደረሰ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር በሸክላ ያሳተሙት ፒያኖ፣ በ2006 በዚሁ ተከታታይ ሃያ አንደኛ ቅጽ ሆኖ ለዓለም ደረሰ። መለወጫ ልትሞክሩ ከሆነ እሱን በሕጋዊ ቅጂው ገዝታችሁ ሞክሩበት፤ የፒያኖ ቁልፍ ተነክቶ እስኪጠፋ ያለው ዝምታ ጥሩውን ከመጥፎው ይለያል። ከሸክላ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ግን ፋልሴቶ አልነበረውም። ያ ዘመን የሚገኘው በየቤታችን አልጋ ሥር፣ በካርቶን፣ አቧራ ለብሶ ነው።

እዚህ ላይ ነው መለወጫ የሚባለው ነገር የተገለበጠብን። እኛን የቸገረን ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ሣጥን አይደለም፤ እሱ በየስልካችን አለ። የቸገረን ግልባጩ ነው፤ ድምፅን ወደ ቁጥር የሚለውጠው። ካሴት ለዘላለም አልተሠራም። ማግኔቱ ከፕላስቲኩ ላይ ይረግፋል፣ ክሩ ይለጠጣል፣ ይጣበቃል፣ ይሻግታል። እያንዳንዱ ክረምት አንድ ነገር ይወስዳል። ካሴቶቹ ላይ ደግሞ ዘፈን ብቻ አይደለም ያለው። የሠርግ ቀን የአያት ምርቃት አለ። ከውጭ አገር በፖስታ ፈንታ የተላከ የወንድም ድምፅ አለ። ለቅሶ ላይ የተቀዳ የአልቃሽ እንጉርጉሮ አለ። ይህ ከማንም መተግበሪያ አይወርድም፤ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሲጠፋም ጠፋ።

ሥራው ከባድ አይደለም። የሚሠራ የካሴት ቴፕ ማፈላለግ፣ ሄዱን በአልኮል ማጽዳት፣ ከቴፑ ወደ ኮምፒውተሩ በድምፅ ማስገቢያ መቅዳት። ማስገቢያ ያላት የዩኤስቢ ሣጥን ከፈለጋችሁ ትገኛለች፤ ሰማያዊ ቁጥር ግን ላይበራባት ይችላል። ስትቀዱ አትጭመቁ። የስልሳ ደቂቃ ካሴት በሲዲ ጥራት 635 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ አንድ ቴራባይት ዲስክ ከ1,500 በላይ ካሴት ይይዛል። የሰፈሩ ሁሉ ካርቶን በአንድ ኪስ! ሁለት ቅጂ አኑሩ፤ አንዱ ከሌላ ዘመድ ቤት ይሁን። ስሙን ጻፉ፤ ማን ተናገረ፣ ማን ዘፈነ፣ የት፣ መቼ። «ትራክ ዜሮ አራት» አይባልም። የዘፈን ካሴት ከሆነ ለቤታችሁ ይሁን፤ ገልብጦ መሸጥ ያው የፍላሹ ሌብነት ነው።

ከዚህ በፊት ምን እንዳጣንና ምን እንደተረፈን ታሪክ ይመስክር። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በፎኖግራፍ ቀድታ ላከች። ድምፁ ተሰማ፤ የተቀዳበት ዕቃ ግን ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ነበርና ጠፋ። ዛሬ በምድር ላይ ያለ ማንኛውም መለወጫ ያንን ድምፅ አያመጣውም። ከዚያ አሥር ዓመት ዘግይቶ፣ በ1908 ጀርመን አገር በሸክላ የተቀረጸው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ያሻክራል፣ ይንኮሻኮሻል፣ ግን ተሰማ አለ። ልዩነቱ የቢት ጉዳይ አይደለም። አንዱን ያስቀመጠው ሰው ነበር፤ ሌላውን አልነበረም።

ስለዚህ መለወጫ ልትገዙ የተነሳችሁ ወዳጆቼ፣ ርካሿን ግዙና በሰላም አድምጡ። የተረፈውን ብር ለዘፋኙ ክፈሉበት፤ ከእሱም የተረፈውን ዲስክ ግዙበት። ከሁሉ በፊት ግን ከአልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ሳቡት። ክረምት እየመጣ ነው።